ግማሽ ኪሎ በሳምንት፦ ለድሬና ለሐረር ሰው ክብደት የመቀነሻና በመሃል የማረፊያ መመሪያ

ሰርግ ሲቃረብ ወይም በዓል ሲመጣ ድሬ ላይ አንድ ጥያቄ ይበዛል። «በአንድ ወር 10 ኪሎ እንዴት ልቀንስ?» የሚል ነው። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው። በአንድ ወር አይሆንም። 10 ኪሎውን በ6 ወር ቀንሱት። በመሃሉም እረፍት ውሰዱ።

እረፍት ስል ክብደት መቀነሱን ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት አቁሞ፣ የደረሱበትን ኪሎ የሚጠብቅ ያህል መብላት ማለቴ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይወሰናል። መጠኑም ይታወቃል። ብዙ ሰው እረፍት የሚወስደው ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ እረፍት መሆኑ ይቀርና ሁሉንም ነገር መተው ይሆናል።

ማረፍ ለምን ያስፈልጋል? ምግብ ስንቀንስ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። ጥጋብን ለአእምሮ የሚነግረው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ረሃብ ይጨምራል። ሳናውቀው እንቅስቃሴያችንም ይቀዘቅዛል፤ ደረጃ መውጣት ይሰለቸናል፣ መቀመጥ እናበዛለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወንዶች ለ24 ሳምንት በጣም ትንሽ ምግብ እየተሰጣቸው ተጠንተው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። ይበርዳቸው፣ ይነጫነጩም ነበር። ራሱን ክፉኛ የሚያስርብ ሰው ወደዚያው መንገድ ነው የሚገባው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ እረፍትን ራሱን ፈትሿል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው 51 ወንዶች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለ16 ሳምንት በተከታታይ ምግብ ቀነሰ። ሌላው ያንኑ 16 ሳምንት ሁለት ሁለት ሳምንት እያደረገ፣ በየመሃሉ ሁለት ሳምንት እያረፈ ጨረሰ። ያረፉት በአማካይ 14 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ያላረፉት 9 ኪሎ ገደማ። ውጤቱን ማጋነን ግን አልፈልግም። ያረፉት በጠቅላላው 30 ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ስፖርት አዘውትረው በሚሠሩ ሰዎች ላይ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም በስብ መጠን ይህን ልዩነት አላገኙም። እረፍቱ የረሃቡን ስሜት ግን አቅልሎላቸዋል። ስለዚህ እረፍቱ በራሱ ስብ ያቃጥላል ብላችሁ አትጠብቁ። ጥቅሙ እስከ መጨረሻው እንድትዘልቁ ማድረጉ ነው። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

ከመጀመር በፊት፦ ለማን አይሆንም?

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ራሱን በማስራብ ወይም በልቶ በማስመለስ የተቸገረ ሰው በራሱ አይጀምር። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ከሆነ ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ መስተካከል አለበትና አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድም እንዲሁ። ኪሎ ሲወርድ ግፊቱም አብሮ ሊወርድና ሊያዞረው ይችላል። የኩላሊት ሕመም ካለ ከዚህ በታች ስለ ፕሮቲን የምለውን ከሐኪም ሳይማከሩ አትከተሉ።

ሳታስቡት ኪሎ እየቀነሳችሁ ከሆነ ግን ይህ መመሪያ የእናንተ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ተመርመሩ።

1. ተመዘኑ፣ ተለኩ

ቤት ሚዛን ከሌላችሁ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋም መመዘን ይቻላል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ሚዛን መጠቀም ነው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ ቢሆን ይመረጣል። ቤታችሁ ሚዛን ካለ በሳምንት ሦስት ጊዜ ተመዝናችሁ አማካዩን ያዙ። የአንድ ቀን ቁጥር ያሳስታል። ድሬ ላይ በሙቀቱ ብቻ በላብ አንድ ኪሎ ወርዶ ውኃ ሲጠጣ የሚመለስበት ቀን አለ። ሴቶች የወር አበባ ሲቃረብ ውኃ ስለሚይዙ የዚህን ወር ቁጥር ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ።

ወገብንም ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር መንገድ ላይ ከሚሰፉት ሰዎች ጠይቁ፣ የት እንደሚሸጥ ያሳዩአችኋል። ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው መሃል፣ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ ይለካል። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለልብና ለስኳር ሕመም ያለው ስጋት መጨመር ይጀምራል። ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ካለፈ በጣም ጨምሯል ማለት ነው። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ወገብ ሲጠብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጻፉ።

2. ፍጥነታችሁን አስሉ

ጤናማው ፍጥነት በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ነው። በሌላ ስሌት ከክብደታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ። እኔ ግማሽ ኪሎውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለት ኪሎ ሊወርድ ይችላል። አትደሰቱበት፣ አብዛኛው ውኃ ነው።

ከዚህ በላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። ፀጉር ይረግፋል። የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል። በጣም በፍጥነት የሚከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር የመያዙ ዕድልም ከፍ ይላል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሚበላበት አመጋገብ አለ፣ ግን በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ላስቲክ ለብሶ መሮጥን እርሱት። የሚወርደው ላብ ነው፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ራስን ሊያስት ይችላል። «የሆድ ማጥፊያ» እየተባለ የሚሸጠው ሻይም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ወይም የሚያሸና ነገር ያለበት ነው። ስቡን አይነካውም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 84 ኪሎ የሆነች ሴት አለች እንበል። ክብደቷን በቁመቷ ካሬ ስናካፍል 32 ይመጣል። ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ነው። ግን ግቧ ወደ 60 መውረድ መሆን የለበትም። ከክብደት 5 በመቶው ሲቀንስ ብቻ የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል ይጀምራል። ለእሷ 4 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያ ግቧን 8 ኪሎ እናድርገው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ሲሆን 16 ሳምንት። በመሃል የ2 ሳምንት፣ መጨረሻ ላይ የ2 ሳምንት እረፍት ስንጨምር 20 ሳምንት። አምስት ወር አይሞላም።

3. ምግቡን ከመንካት በፊት ካላንደሩን አውጡ

አብዛኛው መመሪያ ይህን ይዘለዋል። እኛ አገር ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው። ጾሙ፣ በዓሉ፣ ሰርጉ ሁሉ ቀኑ ይታወቃል። እረፍቱን እዚያ ላይ አስቀምጡት።

6 እስከ 8 ሳምንት መቀነስ፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ሳምንት ማረፍ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ብዙ የሚቀንሰው ያለው ሰው ከዚህ ትንሽ ሊያስረዝም ይችላል። ትንሽ የቀረው ቶሎ ቶሎ ቢያርፍ ይሻለዋል። ካላንደሩ ላይ በዓሉን ፈልጉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሐረር ላይ ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ ሸዋል ኢድ ይመጣል። በሁለቱ መሃል አንድ ሳምንት ያህል ነው ያለው። ሁለቱንም የሚሸፍን የ2 ሳምንት እረፍት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። ቁልቢ የምትሄዱ ታኅሣሥ 19ን ወይም ሐምሌ 19ን አስቡ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንትም እንዲሁ።

ጾም በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብላችሁ አትመኑ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ግን የጾም ወጥ ዘይቱ ይበዛል። ፓስታውና ዳቦውም ይጨመርበታል። 55ቱን ቀን ጾመው ኪሎ የጨመሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ረመዳን ላይ ደግሞ እኔ የምመክረው መቀነስን ለጊዜው ትቶ አለመጨመርን ግብ ማድረግ ነው። ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ፣ ጁሱ ባለበት ወር ኪሎን ባለበት ማቆየት ትልቅ ነገር ነው። በቴምርና በውኃ አፍጥሩ፣ ሾርባ ጠጡ፣ ሳምቡሳውን ቁጠሩት። ጾሙ ለፈጣሪ ነው፣ ከኪሎ ጋር ባናያይዘው ይመረጣል።

4. በቀን 550 ካሎሪ ከየት ይገኛል?

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ በቀን 550 ያህል መጉደል አለበት። ስሌቱ ግምታዊ ነው፣ ሰውነት እንደ ካልኩሌተር አይሠራም። ለመነሻ ግን ይበቃል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው እንጀራ ነው። ልክ አይደለም። መጀመሪያ ስኳሩን ተመልከቱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው። በቀን አራት ሻይ፣ በየሻዩ ሦስት ማንኪያ ከሆነ 190 ይጠጋል። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125 ገደማ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው፣ ሁለት ቢቀነስ 240። ሦስቱ ሲደመሩ 555። እንጀራው ገና አልተነካም። ቁጢውም፣ ሆጃውም፣ ቡናውም በዚሁ ሒሳብ ይታያሉ። ጁስ ቤት ስትገቡ «ስኳር አታድርግበት» በሉ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን (ጓቫ) ከሆነ ደግሞ ከመጠጣት መብላት ይሻላል፣ ያጠግባልና።

ስኳሩን በአንድ ቀን አታጥፉት። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ አውርዱት። ምላስ ይለምዳል።

ዘይቱን መለካት የሚከብደው ወጡ ለቤተሰብ ስለሚሠራ ነው። መላ አለው። አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ሲከፈት ቀኑን ጻፉበት። ለአምስት ሰው በ30 ቀን ካለቀ፣ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ደርሶታል። 275 ካሎሪ ገደማ ነው። ያው ጄሪካን 45 ቀን እንዲቆይ ከተደረገ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 90 ያህል ይቀንሳል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ማቁላላት፣ ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ መጨመር። ወጡ አይበላሽም። ጠዋት ፉል ስታዙ ዘይቱንና ቅቤውን ቀንሱ በሉ። ፈጢራ ግን ዘይቱ ያለው ሊጡ ውስጥ ነውና በሳምንት አንድ ቀን ትሁን።

5. በርጫ ያለበት ቤት

ስለ ድሬና ሐረር እየጻፉ ጫትን መዝለል አይቻልም። «ጫት ያከሳል» የሚል ወሬ አለ። ምራቁን ሲውጡ ረሃብ ይጠፋል፣ ይህ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ግን እንያዘው። ከበርጫ በፊት ጨጓራ እንዳይጎዳ ተብሎ ቅባት የበዛበት ምሳ ይበላል። ከዚያ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ለውዝ ይከተላል። አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 30 ግራም ያህል፣ 170 ካሎሪ ነው። አንድ እፍኝ ብቻ የሚበላ ሰው ግን አላየሁም። ማታ ራት ይቀራል ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ይበላል። ጨብሲ ከተገባ በየቢራው ጠርሙስ 140 ያህል ይጨመራል። እንቅልፍ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይርበዋል፣ ጣፋጭም ያምረዋል። በዚህ ላይ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሆድም ያደርቃል። ክብደት መቀነሻ ብላችሁ አትያዙት።

መተው ከቻላችሁ ተዉት። ካልሆነ ቀኖቹን ቀንሱ፤ በየቀኑ የነበረው ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን። ለስላሳውን በውኃ ተኩ። ለውዙን ከከረጢቱ ሳይሆን በሲኒ ለክታችሁ አስቀምጡ። ራት ተሠርቶ ይጠብቃችሁ፣ ባይርባችሁም ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ትንሽ ቅመሱ። ሾርባ፣ እንቁላል፣ እርጎ ይበቃል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣውን ረሃብ የሚያስቀረው ይህ ነው።

6. ትሪው ላይ

በአንድ ትሪ መብላት መተው የለበትም። ድርሻችሁን ብቻ እወቁ። አንድ እንጀራ ከፊታችሁ ይቀመጥ፣ ጭማሪ አይኑር። ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ምስሩን ቀድሙ። ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። እናት ወይም አክስት ሲያጎርሱ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ አንዷን ጉርሻ ተቀብሎ ማመስገን ይቻላል።

በየማዕዱ ፕሮቲን ይኑር። ረሃብን ያስታግሳል፣ ጡንቻንም ይጠብቃል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያህል ጥሩ ነው። መቁጠር ካስቸገረ የመዳፍ ያህል ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ፣ ካልሆነ ደህና ጭልፋ ሽሮ፣ ምስር ወይም ባቄላ በየማዕዱ ይኑር። የግመል ወተትም ይቆጠራል።

7. እንቅስቃሴ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን። ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ነው የሚመቸው። የከዚራ ጥላ ያለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከረፋድ በኋላ አትሞክሩት። ውኃ ያዙ። ሐረር አየሩ ይቀላል፣ ዳገቱ ግን ይበረታል። የጁገል ግንብ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ዙር የዕለቱን ድርሻ ይሸፍናል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ።

በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ጨምሩ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውኃ የሞላ ጄሪካን ማንሳት። ጂም የግድ አይደለም።

8. እረፍቱ እንዴት ይወሰዳል?

የተወሰነው ቀን ደረሰ እንበል። ስትቀንሱ የነበረውን 500 ያህል ካሎሪ መልሱ። ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ሲደመር እንደ እንጀራው መጠን ወደዚያ ይጠጋል። ሩዝ በሥጋ የምትወዱ በእንጀራው ፈንታ እሱን ጨምሩ። ለስላሳውንና የሻዩን ስኳር ግን አትመልሱ። እነሱን መልሶ ማስለቀቅ ነው የሚከብደው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለምሳሌ 84 ኪሎ ሳላችሁ ትበሉት የነበረው አሁን ይበዛባችኋል። ያነሰ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ያነሰ ነው። ስለዚህ ወደ ድሮው አበላል አትመለሱ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ወደ ላይ ይላል። አትደንግጡ። እንጀራውና ሩዙ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆነው ይከማቻሉ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ጨውም ይጨመርበታል። ስብ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ እረፍቱን ያቋርጣል፣ ወይም «አቦ፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉንም ይተዋል። በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ መቆም አለበት። አሁንም እየጨመረ ከሆነ መጠኑ በዝቷልና 200 ያህል ቀንሱ።

በዓሉ ራሱ፣ ያ አንድ ቀን፣ ችግር አይፈጥርም። ዶሮውን ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ። ኪሎ የሚያስጨምረው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚሞቀው የተረፈ ወጥ ነው። በማግስቱ ለጎረቤትና ለተቸገረ አካፍሉት፣ የቀረውን በየድርሻው ፍሪጅ ክተቱ። እርምጃውንና እንቅልፉን በእረፍቱም አታቋርጡ።

9. መመለስ፣ መቆም፣ መጨረስ

እረፍቱ ሲያልቅ በዕለቱ ተመለሱ። የተመለሰው ውኃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ኪሎውም ወገቡም ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ዘይቱንና ማታ ማታ የሚቀመሰውን ነገር እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ፣ ድካሙና ንጭንጩም ከበዛ፣ ከመቀነስ ይልቅ የሚቀጥለውን እረፍት አስቀድሙት።

ሰው «ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛው ተጨንቆላችሁ ነው። «ሆን ብዬ ነው፣ ደህና ነኝ» በሉና እለፉ። ግን እውነት ካመማችሁ ችላ አትበሉት። ራስ መሳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ቅባት ከበሉ በኋላ በቀኝ በኩል ከጎን አጥንት ሥር የሚመጣ ከባድ ሕመም፣ ማስመለስ የማያቆም ከሆነ በዕለቱ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ግባችሁ ላይ ስትደርሱ የመጨረሻውን 2 ሳምንት እረፍት ውሰዱና በዚያው መጠን ቀጥሉ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን መመዘን ይበቃል። የደረሳችሁበትን ቁጥር ጻፉና ሁለት ኪሎ ጨምሩበት። ሚዛኑ ለሁለት ሳምንት ከዚያ መስመር በላይ ከቆየ በሚቀጥለው ሰኞ ስኳሩንና ዘይቱን እንደገና መለካት ጀምሩ።